ኤግዚቢት የሆኑት ጉሬዛዎች

ልክየለሽ ሀብቱን ያወቅኋት ከእስር ከተፈታች በኋላ ነው። ስሟን ግን ቀድሜ ሰምቼው ነበር። በስልሳዎቹ መጨረሻ ዳንግላ ውስጥ «ለዝንጀሮ ስም የምታወጣዋ» ሲባል ማን እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም። ዝንጀሮ ሳይሆኑ ጉሬዛዎች ነበሩ። እሷ ይህን ባስተካከለች ቁጥር ሰው ይስቃል፤ ቢስቅም ማስተካከሏን አልተወችም።

የአዘና ሰው ናት። አባቷ አቶ ሀብቱ ገብረ ማርያም ገበሬ ነበሩ። በቤታቸው የሚነገረው አውኚ ነው፤ አማርኛን ያቀናችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። በልጅነቷ በቆሎ ሲያሽት ማማ ላይ ተቀምጣ ጦጣ እንድታባርር ትታዘዝ ነበር። ወንድሞቿ ወንጭፍ ሲያስወነጭፉ እሷ ዝም ብላ ታያለች። አንዱ ጦጣ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ወጥቶ እሷን ይጠብቃል፣ እሷ ደግሞ እሱን ትጠብቃለች፤ በመሃል በቆሎው ያልቃል። አባቷ ሲቆጧት «መጀመሪያ የሚገባው ማን እንደሆነ እያየሁ ነበር» ብላ መለሰች አሉ። አቶ ሀብቱ ይህችን ነገር ላገኙት ሰው ሁሉ እየነገሩ ይስቁ ነበር። ትምህርት ቤት የሰደዷትም ለማሳ ጥበቃ ስለማትሆን እንደሆነ ይናገራሉ።

ዳንግላ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ተማረች፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሄዳ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ሥነ ልቦናም አጠና ብላ መረጠች። እዚያ ከሚያስተምሩት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ የጦጣና የዝንጀሮን ጠባይ የሚያጠና ነበር። አንድ ቀን ስለ ማማው ስትነግረው ሰውዬው ሻዩን ረስቶ አዳመጣት። በእሱ በኩል ባሕር ማዶ ሄዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ተመለሰች። ለሦስተኛው የሚሆናትን ጥናት ግን ከቤቷ ብዙም ሳትርቅ፣ ከቆሰበር በላይ ባለው ጫካ ልትሠራው ወሰነች።

ጫካውን የሚጠብቀው እንየው የሚባል ሰው ነበር። ረጅም ነው፣ ወሬ አይወድም፣ ፈረሱን ከሰው አስበልጦ ይወዳል። በመጀመሪያ ለምን እንደመጣች ቢነግሩትም አላመነም፤ ወርቅ ፈላጊ መስላው ነበር። ዝናብ ላይ ተቀምጣ ሽቅብ ስታይ ውላ ስታስል ሲሰማት ግን አዘነና የቀርከሃ ጎጆ ሠራላት። ከዚያ ወዲያ «ጋሼ እንየው» ትለው ጀመር፣ እሱም «አንቺ ልጅ» ይላታል።

ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው። እናቱ ጥቁርና ነጭ ሆና እሱ ጥጥ ይመስላል። የመንጋው ሴቶች ሁሉ ሊያቅፉት ይሽቀዳደማሉ፣ እናቱም ታውሳቸዋለች። ልክየለሽ የያዘችው ጥያቄ ይህ ነበር፦ እናት ልጇን ለማን ትሰጣለች? ለማንስ ትከለክላለች? አንዷ ወስዳ አልመልስም ብትል፣ እናትየው በሌላ ቀን ታምናታለች ወይስ አታምናትም? ኋላ ላይ ነገሩን ስጠይቃት «ጥናቴ ባጭሩ መተማመን ነው» አለችኝ።

ለእያንዳንዳቸው ስም አወጣች። አሮጊቷ እሜቴ ተባለች። ከንፈሯ ላይ ሰንበር ያለባት ጠባሳ ተባለች። አንድ አፍላ ወንድ ነበር፣ እሱ ጎረምሳው ነው። መንጋውን የሚገዛውን ትልቁን ወንድ ደግሞ ሊቀመንበር አለችው፤ የቆሰበር እድር ሊቀመንበር ሆዱን ገፍቶ፣ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ የሚቀመጠው ልክ እንደሱ ነበርና። እንየው እንኳን በዚህ ስም ሳቀ። ጊዜው ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ ሊቀመንበር ሲባል ሰው የሚያስበው እድርን ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የውጭ አገሩ መምህሯ ወደ አገሩ ሄደ፣ ጥናቱ የሚሠራበት ገንዘብም በዚያው ቀረ። እሷ ዳንግላ አስተማሪ ሆና ተቀጠረች፤ ሥራ በሌለባት ቀን አውቶቡስ ተሳፍራ ቆሰበር ትወጣና የጀመረችውን ትቀጥላለች። ወረቀቶቿ በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበሩ፤ ደብተሮች፣ የመንጋው የዘር ሐረግ፣ ዛፎቹ በቁጥር የተጻፉበት ካርታ፣ ከመምህሯ ጋር የተላላከቻቸው ደብዳቤዎች። በሰባ ዓመተ ምሕረት ቤት ለቤት ፍተሻ ሲደረግ ሣጥኑ ተገኘና እሷም ሣጥኑም አብረው ተወሰዱ።

የጠየቃት ጓድ ስማቸው የሚባል ካድሬ ነው። ከአብዮቱ በፊት አስተማሪ ነበር፤ ማንበብ ይችላል፣ አንብቦም ነው የጠበቃት። የተነጋገሩትን ደጋግማ ስለነገረችኝ እኔም እዚያ የነበርኩ ያህል አውቀዋለሁ።

«‹ማክሰኞ ጠዋት። እሜቴ ልጁን ለጠባሳ አስረከበች። ሊቀመንበሩ አላየም።›» ብሎ አነበበላት። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ጉሬዛዎች ናቸው።»

«ልጁስ?»

«የጉሬዛ ልጅ ነው።»

«‹ሊቀመንበሩ እየደከመ ነው። ጎረምሳው በዚህ ክረምት ይነሣበታል ብዬ እጠብቃለሁ።› ይሄስ?»

«እሱም ጉሬዛ ነው።»

ስማቸው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። አልጮኸባትም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር ትላለች።

«ተጠንቅቀሽ መልሺልኝ» አላት። «ሊቀመንበሩ ሰው ነው ካልሽ ሴራ ነው። ጉሬዛ ነው ካልሽ ሊቀመንበሩን ጉሬዛ ብለሻል። የትኛውን ልጻፍልሽ?»

«ቀኑን ይዩት እንጂ» አለችው። «ስልሳ አራት ነው። ያን ጊዜ የአገር ሊቀመንበር የሚባል ነገር የት ነበር?»

«ቀኑን የጻፈው ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ቀኑም ያንቺ ቃል ነው።»

ካርታውን አወጣ። ዛፎቹ ለምን ቁጥር እንዳላቸው ጠየቃት፤ ጉሬዛዎቹ የሚያድሩበትና የሚበሉበት ዛፍ እንዲለይ ነው አለችው። ደብዳቤዎቹን አወጣ። በባዕድ ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። ለአንድ ጉሬዛ ልጅ ይህን ያህል ወረቀት ባሕር የሚሻገርበትን ምክንያት እንድታስረዳው ለመናት፤ አዎ፣ ለመናት። አስረዳችው። መተማመን ብላ ስትጀምር «ማን በማን ላይ?» ብሎ ብዕሩን መልሶ አነሣ።

የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ዓመት ገደማ ተቀመጠች። ከእነሱ መካከል ተጠርተው ያልተመለሱ ነበሩ። ስለዚያ አትናገርም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። አንድ ቀን ዕቃሽን ያዢ ተባለችና ወጣች። ጥፋተኛ ነሽ አላሏትም፣ ነፃ ነሽም አላሏትም። ማስተማር ተከለከለች። ከዳንግላ ከተማ መውጣት ተከለከለች። ሰኞ ሰኞ ቀበሌ እየሄደች እንድትፈርም ታዘዘች። ሥራ ደግሞ ስማቸው ራሱ ሰጣት፤ በሚሠራበት ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ። «ወረቀት ትወጃለሽ» አላት።

የሣጥኑ ወረቀት በሸራ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ ቋጠሮው ላይ ቀይ የማኅተም ሰም ፈስሶበት እዚያው መዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ላዩ ላይ «ኤግዚቢት» ተብሎ ተጽፏል፤ የክስ ማስረጃ ማለት ነው። ክሱ አልተዘጋም፣ አልተከፈተምም፤ ስለዚህ ኤግዚቢቱ ይጠበቃል። ጠባቂዋ እሷ ናት። ንብረት ቆጠራ በደረሰ ጊዜ ማኅተሙ እንዳልተነካ አይታ የምትፈርመውም እሷ ናት።

እኔ በታይፒስትነት ተቀጥሬ እዚያ ክፍል የገባሁት በሰባ ሁለት ነው። ማናየሽ እባላለሁ። ጠረጴዛዬ ከሷ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነበር፣ እሷ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። በመጀመሪያ ፈራኋት። የታሰረ ሰው አጠገብ መቀመጥ በዚያን ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። እሷም ይህን ስለምታውቅ ለብዙ ጊዜ ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። አንድ ቀን የአለቆቻችንን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ አየችኝና ቀስ ብላ «ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ አይመዘግቡም?» አለችኝ።

«አይ፣ እትዬ። የተባለውን ብቻ ነው።»

«ያሳዝናል» አለች። «ዋናው እሱ ነበር።»

ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ መናገር ጀመረች። ፋይል እየደረደረች፣ ማኅተም እየመታች፣ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሣ ስለ ጉሬዛዎቹ ትነግረኛለች። ስለ እነሱ አንድ መስመር ብትጽፍ አዲስ ማስረጃ ይሆንባታል፤ ስለዚህ ወሬ ብቻ ነው። እሜቴ ልጇን ለጠባሳ ብቻ ለምን እንደምትሰጥ፣ ጠባሳ አንድ ጊዜ ልጁን ይዛ ሌላ ዛፍ ላይ ስትሸሽ መንጋው ምን እንዳደረገ፣ ሁሉን አወቅሁት። የጎረቤቶቼን ያህል አውቃቸው ነበር ብል አልዋሸሁም። ቤት ገብቼ ለእናቴ «ዛሬ እሜቴ እንዲህ ሆነች» ስላት፣ እናቴ ለረጅም ጊዜ እሜቴ የመሥሪያ ቤታችን ጽዳት ሠራተኛ ትመስላት ነበር።

አባቷ በገበያ ቀን ከአዘና ይመጡ ነበር። በቅሎዋን ውጭ አስረው፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው በሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ከልጃቸው ጋር የሚነጋገሩት በአውኚ ነው፤ ዘበኛው ሲመጣ ግን ወደ አማርኛ ይቀይራሉ፣ ምስጢር የሚያወሩ እንዳይመስል።

«ያንቺ ዘመዶች ዘንድሮም በቆሎዬን ጨረሱት» ይላሉ ጮክ ብለው።

«ጦጣዎች እኮ ናቸው አባዬ። የኔዎቹ ቅጠል ነው የሚበሉት።»

«ሁሉም ያው ናቸው። አንቺም ያው ነሽ፤ የማማው ላይ ተቀማጭ።»

በሰባ አምስት ክረምት ታመሙ ተባለ። ልክየለሽ የይለፍ ወረቀት ለመነች። ማመልከቻውን እኔ በታይፕ ጻፍኩላት፤ ቀበሌው ወደ ስማቸው መራው፣ ስማቸው ወደ በላይ አካል መራው። መልሱ የመጣው አቶ ሀብቱ ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ ለአንድ ቀን ብቻ ደርሳ እንድትመለስ ተፈቅዷል ይላል። ሄደች። ማታ ተመልሳ በማግሥቱ ጥቁር ለብሳ ሥራ ገባች። የቀበሌው ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ አጽናናት፤ አያይዞም የሰኞዋን ፊርማ እንዳትረሳ አስታወሳት። ክፉ ሰው አልነበረም። እውነት ረስታ ችግር እንዳይገጥማት ብሎ ነው።

በሰባ ስምንት የመንደር ምሥረታ ሲጀመር እንጨት ከየጫካው ይቆረጥ ጀመር። እንየው አንድ ቀን ከቆሰበር መጣና ባርኔጣውን አውልቆ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እሱ አልታሰረም ነበር። ልክየለሽ በምርመራው ጊዜ ስሙን ስላላነሣች፣ ወረቀቷም ላይ «ጥበቃው» ተብሎ ስለተጻፈ ማንም አልደረሰበትም። አርጅቷል። እሷ ወጥታ አጠገቡ ቆመች።

«የት ደረሱ?» አለችው።

«ከጎጆሽ አልፈዋል።»

«ወንዙ ዳር ያሉትስ ዛፎች?»

«እሱ ከሁሉ በፊት ነው የሄደው።»

«እነሱስ ጋሼ?»

እንየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አሽከረከረ። «ጥቂቶቹ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ውስጥ ገብተዋል። ሌሎቹን አላየኋቸውም። አንቺ ልጅ፣ እኔ ምን ላድርግ? ጠብቅ ያሉኝ ሰዎች ናቸው ቁረጥ ያሉኝ።»

«እርስዎን ማን ወቀሰ» አለችና ውሃ ልታመጣለት ገባች። ውሃውን ቀድታ መደርደሪያው ሥር ቆማ ቀረች። ወደ ሸራው አሻቅባ እያየች ነው። ላናግራት ፈራሁ፤ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ እኔ ወሰድኩለት። የዚያ መንጋ ኑሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለው በሸራው ውስጥ ብቻ መሆኑን እኔም ያኔ ነው የገባኝ።

ብዙ ሳይቆይ የጥንቱ መምህሯ ደብዳቤ በአዲስ አበባ በኩል መጣ። የሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የዚህ ዓይነት ጥናቶች የሚሰበሰቡበት ቤተ መዛግብት አቋቁሟል። የልክየለሽን ወረቀቶች ይፈልጋል፤ እሷም መጥታ ሥራዋን እንድትጨርስ ቦታ ተዘጋጅቷል። ከአዲስ አበባ የመጣው ሸኚ ጽሑፍ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ ከዳንግላ በኩል ተቃውሞ አለ ወይ?

ስማቸው አስጠራት። ስትመለስ በሩን ዘጋችና ነገረችኝ።

«ትሄጃለሽ አለኝ። ወረቀትሽንም ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

«እልል በይ እንጂ!»

«ቆይ። ክሱ ሳይዘጋ አይሆንም። ክሱ እንዲዘጋ አንድ ቃል ልስጥ። ወረቀቱ የድብቅ መልእክት ነበር፣ እኔ ሳላውቅ ተታልዬ ነው የጻፍኩት፣ የሚያመላልሰው ጥበቃው ነበር። ስሙን ጽፌ ልፈርም። እኔ ይቅር ተብዬ እሄዳለሁ።»

«ጋሼ እንየውን?»

«አሁን ዘመኑ ተሻሽሏል አለኝ። ሰውዬው ትንሽ ይጠየቅና ይለቀቃል አለኝ።»

እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጊዜ ሰጥቷት ነበር። ያን ሳምንት ምሳዋን ስትበላ አላየኋትም። ከሰው ጋር ስትነጋገር ቃሏ መሃል ላይ ይጠፋባታል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ውጭ ዝናብ እየጣለ፣ ያልጠየቅኋትን ተናገረች።

«አንዳንዴ እጠላዋለሁ፣ ታውቂያለሽ? እዚያ ቆሰበር ፈረሱን እያበላ ይቀመጣል። እሱን ብዬ እዚህ እንደምበሰብስ አያውቅም። ባያውቅም እጠላዋለሁ። ምን አድርጎኝ ነው ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ጎጆ ከመሥራት በቀር ምንም።»

«አትፈርሚም ማለት ነው?»

«ብፈርም ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «እጄ እምቢ አለ።»

ዓርብ ዕለት ገብታ አልፈርምም አለችው። ስማቸው አልተቆጣም። ደወለና እኔን ጠራኝ፤ እሷ ፊቱ ቆማ ሳለች ለአዲስ አበባ የሚሄደውን መልስ ቃል በቃል እየነገረ አስጻፈኝ። ተቃውሞ አለ ይላል። ዋናው በፖስታ ሄደ። ቅጂውን እሷ ቁጥር ሰጥታ፣ ቀን ጽፋ፣ በራሷ ማኅደር ውስጥ አስገባችው፤ ሥራዋ ነው። ሰኞ ሰኞ የነበረው ፊርማ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ተመሳሳይ ናቸው፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም እንኳን አሁን ይምታታብኛል። ጠዋት ቀበሌ ትፈርማለች፣ ቢሮ ትገባለች፣ ማታ ወደተከራየቻት ክፍል ትሄዳለች። ከከተማው መውጫ ኬላው አጠገብ ድረስ በእግሯ ትሄድና ገመዱን ሳትነካ ትመለሳለች። ወጣት የነበሩት ዘበኞች እንኳን «ዛሬ ዘገዩ እትዬ» ይሏት ጀመር። ስለ ጉሬዛዎቹ የምትነግረኝም እየቀነሰ ሄደ። አንድ ጊዜ ስለ ጠባሳ ጠይቄያት «ነግሬሽ የለም?» ብላ ብቻ መለሰችልኝ።

ከዓመታቱ በአንዱ፣ ክረምት ሊወጣ ሲል፣ በመዝገብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቀጭን የጭቃ መስመር አየች። ምስጥ ነው። መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ መደርደሪያው ጀርባ ይገባል። ሸራው ተፈትቶ ወረቀቱ እንዲታይ በጽሑፍ አመለከተች። «ማኅተሙ እንዳይነካ» የሚል መልስ መጣ። ጥቅሉን እንዳለ ወደ ሌላ መደርደሪያ አዛወረችው፣ በእግሮቹ ዙሪያ ነዳጅ አፈሰሰች፣ ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን ሸራው ላይ አድርጋ ታዳምጥ ነበር።

የሰማንያ ሦስት የካቲት ላይ ጦርነቱ ቀረበ። አለቆቻችን ዕቃቸውን ይጭኑ ጀመር። አንድ ጠዋት ከበላይ ትእዛዝ መጣ ተባለና የመዝገብ ቤቱ ወረቀት ወጥቶ እንዲቃጠል ታዘዝን። እሷና እኔ ማኅደሩን በእቅፋችን እየተሸከምን ግቢው መሃል አወረድነው። ዘበኛው ነዳጅ አርከፈከፈ። ስማቸው ኮቱን ለብሶ፣ ሻንጣው እግሩ ሥር ሆኖ፣ ቆሞ ያያል። ፀጉሩ ሸብቷል። የተጫነው መኪና ሞተሩ እየሠራ ነበር።

በመጨረሻ ሸራውን ይዛ ወጣች። ክምሩ ላይ አልጣለችውም። ወደሱ ሄዳ ፊቱ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄስ?» አለችው።

ስማቸው ጎንበስ ብሎ አየው። «ምንድን ነው እሱ?»

መጀመሪያ የሚቀልድባት መሰላት። ፊቱን ስታይ ግን የምር ነው።

«የጉሬዛ ጥናት ነው» አለች።

«የጉሬዛ?» አላት። ማስታወስ የፈለገ ይመስል ትንሽ ቆመ፤ ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። «ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ሻንጣውን አነሣና ሄደ።

መኪናው ከግቢው ከወጣ በኋላ እንኳን አልተንቀሳቀሰችም። እሳቱ ሲለኮስ ክንዷን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት። ሸራውን እኔ ተሸከምኩት። ስሸከመው ቀሎኝ ነበር፤ የወረቀት ክብደት እንዳልሆነ ወዲያው አውቄያለሁ፣ ግን አልተናገርኩም።

እሷ ክፍል ውስጥ ፈታነው። ሰሙን በቢላዋ ሰበረችው። የላይኞቹ ደብተሮች ደህና ነበሩ፤ ካርታውም፣ የዘር ሐረጉም። ከሥር ያሉት ደብዳቤዎችም ተርፈዋል። መሃሉ ግን አፈር ነው። ስለ እናቶቹና ስለ ልጆቹ የጻፈችው፣ የጥናቱ ልብ የሆነው፣ ሽፋኑ ብቻ ቀርቶ ውስጡ ተበልቷል። አንዱን ደብተር ስትከፍተው ጉልበቷ ላይ ፈሰሰ። አላለቀሰችም። አፈሩን በእጇ ጠርጋ መልሳ ሽፋኑ ውስጥ አደረገችው።

መንገድ እስኪከፈት ድረስ ባሉት ወራት የተረፈውን በታይፕ እገለብጥላት ነበር። ቢሮው ባዶ ነው፣ ታይፑን ቤቷ አመጣነው። የተበላው ቦታ ስንደርስ እጄ ቆመ።

«እኔ አስታውሳለሁ እኮ» አልኳት። «ስንት ዓመት ነግረሽኛል። አንቺ ተናገሪ፣ እኔ እጽፋለሁ። የጎደለውን እንሞላዋለን።»

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«ላንቺ የነገርኩሽ ወሬ ነው። የሚያስቀውን መርጬ ነው የነገርኩሽ፤ አንዳንዱንም ሲሰለቸኝ አሳምሬዋለሁ። ያየሁትን ያየሁ ዕለት የጻፍኩት እሱ ነበር።»

«ባዶ ይሁን ታዲያ?»

«ባዶ ይሁን።»

ተናደድኩ። ምስጡ ያልጨረሰውን አንቺ ጨረስሽው አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌባት አላውቅም ነበር።

«ማናየሽ» አለችኝ። «ያላልኩትን ብለሻል ተብዬ ነው እዚህ ያረጀሁት። አሁን ደግሞ በገዛ እጄ፣ ያላረጋገጥኩትን አየሁ ልበል?»

ስለዚህ በየቦታው «ከዚህ ጀምሮ በምስጥ ተበልቷል» ብዬ ጻፍኩና ባዶ ገጽ ተውኩ። ብዙ ባዶ ገጽ ነው። ከግንቦት በኋላ መንገዱ ሲከፈት ወረቀቱ አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገባ። ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። አብረን እንሂድ ብያት ነበር፤ ቦርሳዋን አዘጋጅታ እስከ መናኸሪያ መጣች፣ ተሳፈረችም። አውቶቡሱ ሲነሣ ግን «አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አንቺ አስረክቢ» ብላ ወረደች። የተረከበኝ ሰው የወረቀቱ ባለቤት ለምን እንዳልመጣች ሲጠይቀኝ ምን እንደምለው ጨነቀኝ፤ አሞኛል ብላለች አልኩት።

ስመለስ ጋሼ እንየው ቤቷ ተቀምጦ አገኘሁት። ለልጁ ሠርግ ዕቃ ሊገዛ ዳንግላ መጥቶ ነው። ዓይኑ ደክሟል፤ ድምፄን ሰምቶ ነው የለየኝ። አዲስ አበባ ደርሼ መምጣቴን፣ ወረቀቱም እዚያ መግባቱን ስነግረው ተገረመ።

«ያ ፈረንጅ አስተማሪሽ አንድ ጊዜ ፈልጎሽ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ» አላት ወደሷ ዞሮ። «ያኔ ሄደሽ ቢሆን ስንት ቦታ በደረስሽ! ለምን ቀረሽ አንቺ ልጅ?»

እኔ አየኋት። እሷ ለእንግዳዋ ጠላ እየቀዳች ነበር።

«ፈቃድ ከለከሉኝ ጋሼ» አለችው።

«ክፉዎች» አለ እንየው። ራሱን ነቀነቀ፣ ጠላውን ተቀበለ፣ ከዚያ ስለ ሠርጉ ድንኳንና ስለ ሙሽራዋ ቤተሰቦች ማውራት ጀመረ። ልክየለሽ አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማዋለች። የሠርጉን ቀን ሁለት ጊዜ ጠየቀችው፤ ሁለቴም ነገራት፣ እንዳትቀሪም አላት።